ያለቦታው የወጣ እልልታ

ሻርጃ፣ ጥር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትየ ተሾመች፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ሐይቁ ዳር ያለው የአትክልት መደብሽ እንዴት ነው? እኔ የሐይቁ እስጢፋኖስ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። ከናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ኢቲሳም ናት፣ የጎረቤታችን የእትየ ዘይቱና የወንድም ልጅ። ለዕረፍት መግባቷ ነው። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትይኝ። በስልክ አንቺ «እህ» እና «ይሁን» ብቻ ነው የምትይው፤ ወረቀት ላይ ግን አፍሽ ይፈታል። ደግሞ የምጠይቅሽ ነገር እማየ የምትፈርደው አይደለም። እሷ የኔን ጥፋት ሁሉ ደግ አድርጋ ነው የምታየው። አንቺ በሥጋ ብትርቂን፣ የአያቴ የአጎት ልጅ ልጅ ብትሆኝም፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።

የገና ዕለት ማዳሜ ፈቅዳልኝ የመዝሙር ድግስ ሄድኩ። ዘማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አዳራሹ የሠርግ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ቁጥር አለው። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁና ቦታዬን ፈልጌ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲጀመር ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሣሁ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ሁለቱን እጄን ከፍ አድርጌ መቅረጽ ጀመርኩ። እማየ ትየው ብዬ ነው።

ትንሽ እንደቆየሁ ከኋላዬ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«እህቴ፣ እኔ ማዳሜን ለምኜ የመጣሁት ስልክሽን ልሳለም ነው?»

«ለእናቴ ነው» አልኳት።

«እኔስ እናት የለኝም?»

ዙሪያዬ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ አፈርኩ፤ ግን እልህ ያዘኝና እስከ መጨረሻው ቀረጽኩ። ሴትዮዋ ስትወጣ ዞራ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሯ አልወጣልኝም። ለእናቴ ብዬ ያደረግኩት ነገር ጥፋት ይሆናል? የተቀረጸውን በኢቲሳም ስልክ ልኬላችኋለሁ። ለእማየ አሳዪያት። ከዚያ አጥፍቼ እንደሆነ ንገሪኝ።

ለእማየ ጉልበቷን ስሚልኝ።

የምትወድሽ እድላዊት

*

ሐይቅ፣ የካቲት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፤

ሰላምሽ ይብዛ። በሰው አገር የሚወድሽ አይጥፋ። እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ ስህንም ደህና ናት፤ አትክልቱም ውሃ አልጎደለበትም።

የላክሽውን በዘይቱና ቤት ተሰብስበን አየነው። ልንገርሽ፣ ዘማሪውን በደንብ አላየነውም። ያንቺ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የፊተኛው ሰው ራስ ይጋርዳል። ዘማሪው አፉን ሲከፍትም የሚሰማው ያንቺ ድምፅ ነው፤ ለካ እየቀረጽሽ ትዘምሪ ነበር! ዘይቱና «ወላሂ ይቺ ልጅ ሰውየውን አሰናብታ ራሷ ልትዘምርላቸው ነው የሄደችው» አለች። እናትሽ ግን «ሰውየውን ተዉትና ልጄን አሰሙኝ» ብላ ደጋግማ አስከፈተችው። አሁን የኢቲሳምን አሮጌ ስልክ ተቀብላ ምስር ስትለቅምም፣ ልብስ ስታጥብም እሱኑ ትከፍታለች። እኔ እንኳን ጎረቤት ሆኜ መዝሙሩን በቃሌ ያዝኩት።

ጥያቄሽን ልመልስ። አጥፍተሻል። ሴትዮዋም ያለችሽ ልክ ነው። መዝሙር ሊሰማ የመጣ ሰው ሁሉ ናፍቆት ይዞ ነው የሚመጣው። ያንቺ ናፍቆት ረዥም ክንድ ስላለው የሌላውን ዓይን መጋረድ የለበትም። ግን እናትሽን እንዲህ ያስደሰታትን ነገር ጥፋት ነው ለማለት አፌ አይሞላም። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንዴት እንደሚታረቁ አላውቅም። ምናልባት አስቀድመሽ ብታስፈቅጃት ኖሮ፣ ከአንዱ መዝሙር በላይ ሳትቀርጪ ብትቀመጪ ኖሮ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ወንበሩ ቁጥር አለው ያልሽው ገርሞኛል። ቁጥሩ የሌላ ሰው የሆነ ወንበር ላይ ሽማግሌ ቢቀመጥ ያስነሡታል? ሕፃን ያለቀሰባት እናት ወዴት ትሄዳለች? መዝሙር ሲያልቅስ ያጨበጭባሉ ወይስ እንደኛ «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» ይላሉ?

የኛም የጥር ጉባኤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተደርጓል። ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ ሁሉም ሰው ድምፅ ማጉያ ገዝቷል፤ ስብሰባውም፣ ማስታወቂያውም፣ ጫማ ሻጩም ይጮሃል። መርሐ ግብሩን የሚመራው አያ ፈንታሁን የኛን ማጉያ ወደ ሐይቁ አዙሮ ተከለው፣ ዓሣው ይስማ ብሎ። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲደርስም መዝሙሩን ቆም አድርገን እንጠብቃለን። ሼህ አብዱልሃሚድ አንድ ቀን ገበያ ላይ «ፈንታሁን፣ የኔ አዛን ወዲያው ያልቃል፤ ያንተ ስብከት ግን እስከ ማታው የኢሻእ ሶላት ይደርስብኛል። ማን ለማን ነው መቆም ያለበት?» ብለው አሳቁን። ከዚያ ወዲህ ስብከቱም አጠረ፤ ለካ ሰው ሁሉ ይህን የሚላቸው ይፈልግ ነበር።

እኔን በሴቶች በኩል አስተናጋጅ አድርገውኛል። ለዘገየ ቦታ እፈልጋለሁ፣ የሚያወሩትን በዓይኔ እለምናለሁ። እናትሽ እንደ ልማዷ የእልልታው አውራ ናት። እሷ ስትጀምር ሴቱ ሁሉ ይከተላታል፤ እሷ ሳትጀምር ማንም አይጀምርም።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ተሾመች

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትየ ተሾመች፤

በሕይወት አላችሁ?

ሰላምታ አላሳመርኩም፣ ይቅር በይኝ። መጀመሪያ ኮሮና መጣና ደብዳቤ የሚያመላልስ ጠፋ፤ አሁን ደግሞ ስልካችሁ ጠፋ። ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ ከተባለ ወዲህ እደውላለሁ፣ አይጠራም። ሰዎች ወደ አምባሰል ወጥተዋል ይላሉ፣ ሌሎች ወደ አርዲቦ ወርደዋል ይላሉ። የማምነውን አጣሁ።

እዚህ የሚሠራው የሠፈራችን ልጅ ማህዲ ወደ አገር ቤት እየገባ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ይህን ወረቀት የሰጠሁት ለዚያ ነው። አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። እማየ ትጻፍልኝ አልልም፣ ፊደል እንደማትቆጥር አውቃለሁ። ድምፅዋን ግን አሰሙኝ።

እድላዊት

*

ሐይቅ፣ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድልየ፤

በሕይወት አለን። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ሌላውን አንብቢ። እናትሽ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ዘይቱና አለች። ቤታችሁ በሩ ተሰብሯል፣ ጣሪያው አለ። ማህዲ ደብዳቤሽን ያደረሰልኝ በቅርቡ ነው፤ በኪሱ ብዙ ቆይቶ ጫፉ ተበልቷል። የኔን መልስ ዘይቱና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ከእንግዲህ እንዲህ እናደርጋለን።

የሄድነው ወደ አርዲቦ ነው። የዘይቱና አጎት ኡስማን ከነቤተሰቡ ተቀበለን። ጾማችንን አውቀው ለብቻ ድስት ጣዱልን። ከባድ መሣሪያ በአካባቢው ወድቆ ነበር፤ እግዚአብሔር አተረፈን። ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ብዙ አዳራሽ አይተሻል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የመዝሙር ጉባኤ አደረግን። ሰው ሁሉ ያዘነ ስለሆነ ያጽናናል ተብሎ ነው። ብዙ ጥቁር የለበሱ ነበሩ። ሙሉአለምም መጥታ ነበር፤ ያቺ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችው፣ አንድ ልጇን በዚህ ጦርነት ያጣችው። ከቀብር ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሰባኪው ስለ ሞቱት ልጆች እየተናገረ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። በዚያች ሰዓት አንዲት ሴት እልል አለች። በረዥሙ፣ በደስታ። ከፊሎቹ ሴቶች ሳያስቡት ተከተሏት፣ ከዚያ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ሙሉአለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ወጣች።

ይቺ ሴት ይህ ብቻ አይደለም ጥፋቷ። ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድ «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» ትላለች፣ መዝሙሩ ሳያልቅ። ደግሞ ሁሉም ብሎ ዝም ካለ በኋላ ብቻዋን ትላለች፤ ልጆች ይስቃሉ። ማጉያው ሥር ትቆማለች፣ ተቀመጪ ሲሏት አትመለስም። ሰላም ሲሏትም መልስ የለም። የሐይቅን ሰው ታውቂዋለሽ፤ መልስ ያልሰጠ ሰው ኮርቷል ነው የሚባለው።

አሁን ኮሚቴው ከፋሲካ በኋላ ባለው ጉባኤ እንዳትመጣ ወስኗል። የምነግራት እኔ ነኝ። «አንቺ ለስላሳ ነሽ፣ በቀስታ ንገሪያት» አለኝ አያ ፈንታሁን። እኔ እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ ከዚህ ጉባኤ በቀር የምትሄድበት የላትም። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?

ሰላምሽን ያብዛው።

ተሾመች

*

ሻርጃ፣ የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትየ ተሾመች፤

ፎቶው ሲደርሰኝ ኩሽና ነበርኩ። «በሕይወት አለን» የሚለውን አንብቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማዳሜ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ። እሷም ለካ ሰው ናት።

ለአጎት ኡስማን አላህ በቸርነቱ ይክፈላቸው በይልኝ።

ጥያቄሽን ልመልስ፤ ሳቂብኝ እንጂ አሁን በዚህ ነገር አዋቂ ሆኛለሁ። ያቺ ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ካሳፈረችኝ በኋላ ራሴን አስተናጋጅ አስመዘገብኩ። ደረቴ ላይ ቢጫ ጥብጣብ አስሬ በር ላይ እቆማለሁ። ያኔ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁትም። ሽማግሌ አናስነሣም፤ የወንበሩን ባለቤት ነው የምንለምነው። ያለቀሰ ሕፃን ያላት እናት በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ስትወጣ ማንም እንዳይጨነቅ። ጭብጨባም አለ፣ «ያሰማልን»ም አለ፤ እንደ ሰዉ ነው። ስልክ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሳይ ግን እኔ ነኝ የምሄደው። «ወንድሜ፣ ከኋላህ እናት አለች» እላለሁ።

ስለ ሴትዮዋ ግን አትራሪ፣ እትየ። እኛ መጀመሪያ በትሕትና እንናገራለን። ከደገመ ወደ ኋላ ወንበር እናዛውራለን። እንቢ ካለ ይወጣል። አንድ ሰው የፈለገውን ሲያደርግ የሁሉም ጸሎት ይበላሻል። በሐዘንተኛ ፊት እልል ያለች ሴት ለምን ይታዘንላታል? አስቀሯት። እንደዚያ ያለ ኩራተኛ ቤቱ ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

አሁን የኔን ስሚ። እማየ ተቀይማኛለች? ስደውል «ደህና ነኝ፣ አሜን፣ አንቺስ?» ትልና ስልኩን ለእትየ ዘይቱና ትሰጣለች። ባለፈው «እማ፣ ምን በላሽ?» ብላት «አሜን» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በጭንቅ ጊዜ አጠገቧ ስላልነበርኩ ይሆን? ያ የላክሁላት መዝሙርስ፣ አሁንም ትከፍተዋለች? እውነቱን ንገሪኝ።

እድላዊት

*

ሐይቅ፣ መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ወር አልፎኛል፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እናትሽ አስምላኝ ነበር። ግን «አስቀሯት» ብለሽ ከጻፍሽልኝ በኋላ ዝም ብል ሁለታችሁንም እበድላለሁ።

እልል ያለችው ሴት እናትሽ ናት።

አርዲቦ ሳለን፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ከባድ መሣሪያ አጠገቧ ወደቀ። ቁስል የላትም። «ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ» አለች። ንቡ ብዙ ቀን ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። ከንቡ ጋር ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ደሴ ወስደናት ነበር፤ የተመለሰ ነገር የለም። ትንሽ ትንሽ የምትሰማው እንደ ከበሮ ያለ ነገር ሲመታ ነው፤ እሱም በጆሮዋ መሆኑን እንጃ።

ለማንም አትንገሩ ያለችው ለአንቺ ብላ ነው። «ልጄ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ መንገዱም ጦርነት ነው» አለች። ስትደውዪ ዘይቱና ከፊቷ ትቆማለች። አንድ ጣት ስታነሣ እናትሽ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ሁለት ጣት ስታነሣ «አሜን»፣ እጇን ስትዘረጋ «አንቺስ?» ያን ቀን «ምን በላሽ» ስትያት ዘይቱና ጣቷን አምታታች። ስልኩ ሲዘጋ ሦስታችንም ሳቅን። እናትሽ ምን እንዳሳቀን ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

ሰው ኮርታለች ብሎ ያማታል። ከኋላዋ «ስህን እንዴት አደርሽ» ይሏታል፣ አትዞርም። «ልጇ አረብ አገር ስላለች ነው» ይላሉ። እኔ ልናገር ስል እጄን ትይዘኛለች። «ደንቆሮ ከምባል ኩሩ ልባል፤ የኩሩ ወሬ ሻርጃ አይደርስም» ነው የምትለኝ።

ጉባኤው ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የሰባኪውን አፍና የተዘረጋ እጅ አየች፤ ምስጋና መሰላት። ሴቶቹም የተከተሏት ስለለመዱ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን እሷን ሲከተሉ ኖረዋል። ቤት ስንገባ «ዛሬ እልልታው ለምን ተቆረጠ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያንቺን መዝሙር ጠይቀሽኛል። ስልኩን አሁንም ትከፍተዋለች። ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ከዚያ ትዘጋዋለች።

ኮሚቴው ውሳኔውን አላነሣም፤ ምክንያቱን አያውቅምና። ምስጢሩን ብነግራቸው እናትሽን ከዳኋት፤ ካልነገርኳቸው ከጉባኤው ትወጣለች። አሁን አንቺም አውቀሻል። ፍረጂ።

ተሾመች

*

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትየ ተሾመች፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ያለ መልስ ያቆየሁሽ ተቀይሜ አይደለም። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። «አስቀሯት» የሚለውን የጻፈው እጅ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቲኬት ልቆርጥ ተነሣሁ። ከዚያ እማየ ይህን ሁሉ የቻለችው እንዳልመጣ መሆኑን አሰብኩና ተቀመጥኩ። ኮንትራቴን ጨርሼ በጊዜዬ እመጣለሁ፤ ይህን በምታውቀው መንገድ አስረጃት። ምስጢሩ ግን ይብቃ። ለአያ ፈንታሁንም፣ ለሙሉአለምም፣ ለሁሉም ንገሪ። ልጇ ፈቀደች በይ።

አሁን ያደረግኩትን ልንገርሽ። የፋሲካ ማግስት የመዝሙር ድግስ ነበረን። ጥብጣቤን ፈታሁና እንደ እንግዳ ገባሁ። ሁለቱን ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፣ በላዩ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ። እማየ ምን እንደምታገኝ ማወቅ ፈለግኩ።

እትየ፣ እንዴት የሚያስፈራ ነገር ነው! ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማን እንደዘመረ፣ ማን እንዳወራ አይለይም። የሚያለቅስና የሚዘምር ፊት አንድ ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሳቅኩላት። ፊቷ ተለወጠ። እስካሁን ምን እንዳለችኝ አላወቅሁም።

ከዚያ ከበሮው ሲመታ እግሬ ሥር መጣ። ወለሉ ነገረኝ። ተነሥቼ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄድኩ፤ እጄን ሣጥኑ ላይ ሳሳርፍ መዝሙሩ በክንዴ ገባ፤ የቱ መዝሙር እንደሆነ እንኳን አወቅሁ። እማየ ማጉያው ሥር የምትቆመው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ትንሽ ሳልቆይ አንዱ አስተናጋጅ መጣና ወንበሬን በጣቱ አሳየኝ። የኔው ባልደረባ ነው፤ ደንቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ እማየ ማጉያው ሥር አትቁም፤ ለሌላው ትጋርዳለች። ከበሮው አጠገብ አስቀምጧት። ከበሮ መቺው ፈቅዶ አንድ እጇን ታሳርፍበት። ከዚያ አያ ፈንታሁን የወደደውን ይፍረድ።

እድላዊት

*

ሐይቅ፣ ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድልየ፤

የዘረጋሽው እጅ አይታጠፍ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኛ ሰላም ነን።

ጉባኤው ትናንት አለፈ። ሳይረሳኝ ሁሉንም ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰ ከእናትሽ ጋር ተቀመጥኩ። በእጄ ምልክት፣ በዓይኔ፣ በፊቴ አስረዳኋት። እድላዊት አወቀች፣ አሁን አትመጣም፣ በጊዜዋ ትመጣለች። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ «አንቺ ወረቀት አፍቃሪ!» አለችኝ። ከዚያ «አለቀሰች?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ። «እኔም» አለች።

ከዚያ ከዘይቱና ጋር ወደ ሙሉአለም ቤት ሄድን። እኔ አፌ እንደተያያዘ ነው፤ የተናገረችው ዘይቱና ናት። ሙሉአለም ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ሰማች።

«እኔ ልጄን ቀብሬ እልልታ ነው የሰማሁት» አለች።

«እሷ ያንቺን ለቅሶ አልሰማችም» አለች ዘይቱና። «ወላሂ ብትሰማ ከሁላችን በፊት የምታለቅስልሽ እሷ ነበረች።»

ሙሉአለም «ወፍጮ ቤቱ ጋር ሰላም ስላት ዝም የምትለኝስ?» አለች።

«ከኋላዋ ነበርሽ?»

«ከኋላዋ ነበርኩ።»

ውሃ አጠጣችንና ሸኘችን። ይቅር ማለቷን አለማለቷን ሳናውቅ ወጣን።

አያ ፈንታሁን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ሐሜት አስበላሽን?» አለኝ። ውሳኔውን ግን ወዲያው አላነሣም። «ሐዘንተኞች አሉ፤ እልልታው በስብከት መሀል ቢደገም ማን ይመልሰዋል?» አለ። ደግሞ ልክ ነው፣ እድልየ። ደግ ምክንያት ያለው ጥፋትም ያማል። በመጨረሻ «ለአንድ ጉባኤ እንሞክር፤ አንቺ ኃላፊ ነሽ» አለኝ። እኔ ኃላፊ ሆኜ አላውቅም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከበሮ መቺያችን ደሳለኝ ሳይጠየቅ ነው በርጩማ ያመጣላት። «እትየ ስህን ዓይኗን ከበሮዬ ላይ ጥላለች፤ ሥራዬን ልትቀማኝ ነው» እያለ ይስቃል። እሷ የከበሮውን ጎን በመዳፏ ያዘች። የመጀመሪያው መዝሙር ሲጀመር ፊቷን ብታዪ! ዕቃ ጠፍቶበት ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ እልል አለች፣ በልኩ፣ በቦታው። ሴቱ ሁሉ እኔን አየ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ ተከተሏት።

ፍርሃቴ ስብከቱ ነበር። ሰባኪው ሲነሣ ወደ እሷ ልሄድ ስል አንድ ጥቁር ነጠላ ቀደመኝ። ሙሉአለም ናት። በሴቶቹ መሀል አልፋ መጣችና እናትሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የእናትሽን እጅ ከከበሮው ላይ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘች፣ ጭኗ ላይ አደረገችው። ስብከቱ እስኪያልቅ አለቀቀችም። እናትሽ አንድ ጊዜ አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ጨበጥ አደረገቻት፤ ዘወር ብላ አየቻት፣ ሙሉአለም ታለቅስ ነበር። እናትሽ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ስብከቱ ሲያልቅ ሙሉአለም ራሷ እጁን መልሳ ከበሮው ላይ አስቀመጠችው።

የመጨረሻው መዝሙር ሲያልቅ ደግሞ ይህ ሆነ። እንደ ልማዱ ሁላችን «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» ልንል አፋችንን ስንከፍት አያ ፈንታሁን እጁን አነሣ። ማይኩን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ሕፃናቱ እንኳን ዝም አሉ። ከበሮው ሲቆም ለእናትሽ የሚደርሳት ቀስ ብሎ ነው፤ ቆዳው እስኪረጋ ትጠብቃለች። ከዚያ በዚያ ድምፅዋ፣ ራሷን ስለማትሰማ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ፣ ትንሽም ጎርበጥ ብሎ፣ ብቻዋን «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን!» አለች።

«አሜን» አልን፤ ዘይቱና እንኳን ከአጥሩ ውጭ ሆና። የሳቀ ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ስንሄድ ሰው ከኋላዋ አልጠራትም። ዞሮ ከፊቷ ቆሞ ነው እንዴት አደርሽ የሚላት። በየሰዉ ስትቆም ስትሳለም ሽንኩርት ሳንገዛ ገበያው ሊበተን ነበር።

አንድ መልእክት አላት፤ እንዳለችው ቃል በቃል ልጻፈው። «ያ የገና መዝሙር ስልኩ ላይ አለ፤ ግን ዘማሪውን ነው ያነሣችው፣ እሷ የለችበትም። አሁን ድምፁ አይጠቅመኝም። ስልኩን ወደ ራሷ ታዙርና ትዘምርልኝ፣ አፏን አይቼ አብሬያት እላለሁ። በቦታዋ ተቀምጣ ታድርገው። ከኋላዋ የተቀመጠችውን ሴት ደግሞ አስቀድማ ታስፈቅድ፤ ለእናቴ ነው ትበላት።»

ተሾመች